ነጭ ክር የታሰረበት ሽቦ

በዚያ ቤት ውስጥ እንደ «እ?» የተደጋገመ ቃል አልነበረም።

ሚስት ትናገራለች፤ ባል «እ?» ይላል። ትደግምለታለች፤ አሁንም «እ?» ይላል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጇን አወናጭፋ ትተወውና፣ ጨው ከሆነ ጨዉን ራሷ ተነስታ ታመጣለች፤ መስኮት ከሆነ መስኮቱን ራሷ ትዘጋለች። ዓመት ሊሞላቸው ነው እንዲህ ሲኗኗሩ። ጉሮሮዋ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ድምፅዋ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ላይ ሲፈገፈግ የሚሰማው ዓይነት ሆኗል። ሐኪሞቹ ነፍሷን አትርፈዋል፤ እሱን የሚክድ የለም። ግን ያ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት የሚጠራው ድምፅዋ እዚያው ሆስፒታል ቀረ፤ ወደ ቤት ይዛ የተመለሰችው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሰውየውን የሙያ ጓደኞቹ «ሚዛን» ይሉታል። ሥራው በየአዳራሹ እየዞረ ድምፅ ማጉያ መትከልና ማስተካከል ነው። የአንድ አዳራሽ ድምፅ አልቀና ሲል፣ ከወዲያ የሚጮህ ከወዲህ የሚጠፋ ሲሆን፣ «ሚዛንን ጥሩት» ይባላል። ይጠራል፤ ይመጣል፤ ብዙ ሳያወራ ያስተካክለውና ይሄዳል። ታዲያ አገሩን ሁሉ የሚያሰማ ሰው የገዛ ሚስቱን መስማት አቃተው። ጎረቤቶቹ ይህን እያነሱ ሲቀልዱበት አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ያ ሳቅ አይከተለውም። አትፍረዱበት፤ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ሲጮህበት የዋለ ሰው ማታ ሹክሹክታ አይለይለትም። ደክሞታል። ሆስፒታል መመላለሱ አድክሞታል፤ መድኃኒት ፍለጋው አድክሞታል፤ «እ?» ማለቱ ራሱ አድክሞታል። እሷም ደክሟታል፤ እሷ እንዲያውም የባሰ ደክሟታል፤ የምትደግመው እሷ ነቻ።

እሷ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ «ቲቸር» ይሏታል፤ ወላጆችም ቲቸር፣ ሰፈሩም ቲቸር፤ ባለቤቷም ያኮረፈ ቀን ቲቸር ይላታል። ሌላ ነገር ሆና አታውቅም። ክፍል ገብታ ጠመኔውን ስታነሳ እንደ ንብ የሚተራመስ ክፍል ጸጥ የሚልላት ሴት ነበረች። አሁንስ? አሁን ጠመኔውን ስታነሳ ጸጥ ይሉላታል፤ አፏን ስትከፍት ግን የኋላዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ክፉ ሰው አይደለም። ወላጆች በየጊዜው እየመጡ «ልጃችን አይሰማትም» ሲሉት ብዙ ቆይቶ፣ ብዙ ተጨንቆ ነው ቢሮው የጠራት።

«እንዲህ እናድርግ» አላት። «ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነው። እንደ ወትሮው የየክፍሉ አስተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ክፍሉ ይናገራል። ዓርብ አዳራሹ ውስጥ እንሞክረዋለን። በማይክ ከተሰማሽ ክፍልሽም ውስጥ ማይክ አስገባልሻለሁ፤ ታስተምሪያለሽ። በማይክም ካልተሰማሽ ግን እኔም ምን ላድርግ፤ ስቶር ትገቢያለሽ።»

ስቶር ማለት የመማሪያ መጻሕፍት የሚቆለሉበት መስኮት የሌለው ክፍል ነው። እዚያ ለሚሠራ ሰው ድምፅ አያስፈልገውም። ቲቸር ይህን ለባሏ ስትነግረው እንኳ ሦስቴ ነበር የደገመችው።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለአዳራሹ አዲስ አምፕሊፋየር አምጥቶ ነበር። አስተካክልልን ተብሎ የተጠራው ሚዛን ነው። ሌላ ማን ይጠራል? ቲቸር ይህን የሰማች ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈካ አለ። በዚያች ትንፋሽዋ «አንተ ከሠራኸውማ ድምፄ ይሰማል» አለችው። ይህችን ቃልስ በመጀመሪያው ሰምቷታል።

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ሲደርስ ከሌላ ሥራ መምጣቱ ነበር። ጆሮው ጭው ይላል፤ ወገቡ አልታዘዝም ብሏል። ወንበሮቹ ተደራርበው ግድግዳ ጥግ ቆመዋል፤ መሬቱ ገና ከመወልወሉ እርጥብ ነው። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ራሱ ድሮ የተከላቸው ናቸው። ትዳራቸው ገና እንጭጭ ሳለ፣ ቲቸር እዚሁ ትምህርት ቤት በተቀጠረች ሰሞን ነው የተከላቸው። አርጅተዋል፤ ጠርዛቸው ተላልጧል፤ ግን ደህና ናቸው።

ሥራው ለማያውቀው ሰው ጉድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት ማጉያ አለ። ከታች ያለው ትልቁ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል፤ ከላይ ያለው ጡሩምባ ቀጭኑን። ወፍራሙን ለጡሩምባው ከሰጡት ይቃጠላል፤ ቀጭኑን ለትልቁ ከሰጡት ምግብ በአፉ ይዞ እንደሚያወራ ሰው ያልጎመጉመዋል። ስለዚህ መሃል ላይ ድንበር ይሰመርና ከዚህ በታች ያንተ፣ ከዚህ በላይ ያንተ ይባላሉ። ክሮስኦቨር የሚሉት ይኸው ነው። ድሮ ይህን የሚሠራው ሳጥኑ ውስጥ የሚታሰር አንድ ዕቃ ነበር። አዲሱ አምፕሊፋየር ግን ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር አለው፤ ድንበሩንም፣ የድምፁን ልክም፣ ገደቡንም በላፕቶፕ እያዘዙ እዚያው ይጨርሱታል። የድሮው ዕቃ ተነቅሎ ይጣላል።

ሚዛን የድሮውን ዕቃ በሳጥኖቹ የጀርባ ክዳን በኩል ነቀለ። ገመዱን በቀጥታ አሰረ። ከሳጥኖቹ ጀርባ ቀዩን በቀዩ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ አየ፤ ልክ ነው። ከዚያ ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጦ የራሱን ፋይል ጫነ። ይህ ፋይል የሱ ኩራት ነው፤ ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞት ይዞራል። ድንበሩ የት እንደሚሰመር፣ ጡሩምባው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ጩኸት ሲበዛ የት ላይ እንደሚታፈን፣ ሁሉም እዚያ አለ። ብዙ አዳራሽ ውስጥ አስከብሮታል።

አንዲት ሙከራ ቀርታለች። ድንበሩ ላይ ሁለቱ ማጉያዎች አብረው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲገፋ ሌላውም መግፋት አለበት። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ እዚያች ቦታ ላይ ተጣፍተው ይቀራሉ። ስለዚህ ባለሙያ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ የድንበሩን ድምፅ ብቻ ለቅቆ ላፕቶፑ ላይ የጡሩምባውን መገልበጫ ይጫናል። ድምፁ ከወደቀ ሽቦው ቀድሞም ልክ ነበር፤ መልሶ ያቃናዋል። ከተነሳ ግን ሽቦው የተገለበጠ ነበር ማለት ነው። ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አትፈጅም።

ያችን ሙከራ ሳይሠራ ተዋት። ማድረግ አቅቶት አይደለም፤ ፋርማሲው ሳይዘጋበት የቲቸርን መድኃኒት መግዛት ነበረበት፤ ከዚያ ደግሞ የጀርባው ቀለም ልክ ነበር። የሚያውቀውን አንድ ሙዚቃ ከፈተ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘጋውና ሄደ። አይ ሰው፤ ሺህ ጊዜ የሠራው ነገር ላይ ነው የሚያንቀላፋው።

ዓርብ ከሰዓት አስተማሪዎቹ አዳራሽ ገቡ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ማይኩን ያዘ። የሱ ድምፅ ያለ ማይክም ግድግዳ ይነቀንቃል፤ በማይክ ሲሆንማ የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ሚዛን ጆሮውን ቀሰር አደረገ። ድምፁ ትንሽ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነገር ይመስል ነበር። «አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ነው» አለ ለራሱ። የስፖርት አስተማሪው ተከተለ፤ እሱም ተሰማ። ሌሎቹም ተሰሙ። ከዚያ ቲቸር ወጣች።

ነጭ ጋውኗን ለብሳለች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ከሁለቱ ሳጥኖች የሚወጣው ግን ሩቅ ያለ ቧንቧ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ነው። ቃል የለውም። ሚዛን ድምፁን ከፍ አደረገላት፤ ቧንቧው ጨመረ እንጂ ቃል አልመጣም። አሁንም ከፍ ሲያደርግ ማጉያው ሲጥ ብሎ ጮኸ፤ አስተማሪው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። መልሶ ዝቅ አደረገው። ቲቸር ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛም ከመጀመሪያው ጀመረች። የስፖርት አስተማሪው ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

ዳይሬክተሩ ወደ መድረኩ ጠጋ ሲል ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነገረችው። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማትና ወደ ሚዛን መጣ።

«ወንድሜ፣ በሙያህ ነው የምጠይቅህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ የሱ ዝቅ ያለ ድምፅ እንግዲህ የሌላ ሰው ጩኸት ነው። «እሷ ማሽኑ ይሆናል ትላለች። ማሽኑ ነው ወይስ እሷ ናት?»

ሚዛን ላፕቶፑን አየ። ፋይሉ እዚያው ነው፤ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ሰው ሁሉ ተሰምቷል። መድረኩ ላይ የቆመችውን ሚስቱን አየ፤ ዓመቱን ሙሉ ያልሰማትን ሚስቱን። እዚያች ቅጽበት ውስጥ ከድካም ሌላ ምንም አልነበረም ብል ውሸት ነው፤ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ስቶር ብትገባ ጉሮሮዋ ያርፍ ነበር። እሱም ያርፍ ነበር። ማታ ማታ ስለ ክፍሏ ሦስት ሦስት ጊዜ የምትነግረውን መስማት ይቀርለት ነበር። ይህን ለራሱም አልነገረውም፤ ግን እዚያው ምላሱ ሥር ነበር።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለ።

ዳይሬክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ» አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ቲቸር ያንን መስማት አላስፈለጋትም። ዕድሜዋን ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ የሚንሾካሾክ ተማሪ ከንፈር ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ማይኩን ማቆሚያው ላይ ቀስ ብላ መለሰችና ወረደች።

አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ በመስኮቱ በኩል ናት። መንገዱ ተጨናንቋል፤ ሹፌሩ ክላክሱን ደጋግሞ ይጫናል። መሃል ላይ አንድ ነገር ተናገረች።

«እ?» አላት።

ራሷን ነቀነቀችና ወደ መስኮቱ ዞረች። አልደገመችለትም። ዓመቱን ሙሉ ሳይደገምለት የቀረ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጉልበቷን ነካ አድርጎ «ምን አልሽኝ?» ሊላት ፈለገ፤ ፈራ።

ቤት ሲገቡ ጋውኗን አወለቀች። ጋውኑ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ስቶር ለሚገባ ሰው የሚሰጠው ሰማያዊ ካፖርት ነው። ስለዚህ ይመለሳል። አንዱ ቁልፉ ላልቶ ተንጠልጥሎ ነበርና፣ ቁልፉ የተንጠለጠለ ልብስ ለሰው አይመለስም ብላ መሆን አለበት፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የምታስቀምጠውን የስፌት ዕቃዋን አውጥታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ገና ብርሃን ነው። መርፌዋን ከብርሃኑ ጋር ገጥማ ክር ልትሰካ ስትል የነጩን ክር ማጠንጠኛ አየችው፤ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ቀና ብላ ለባሏ አሳየችው።

ይህች የድሮ ቀልዳቸው ናት። ሚዛን ገና ከተጋቡ ጀምሮ ክሯን ይሰርቃታል። «አይጥ ክር መብላት ጀመረ እንዴ?» ትለው ነበር፤ ያኔ ድምፅዋ አጥር ሲሻገር። እሱም «ነጭ ነጩን የሚመርጥ አይጥ ነው» ይላታል። ምን ያደርግለታል? በሙያው አንድ አመል አለው። ስፒከር ሳጥን ውስጥ ሽቦ ሲገለብጥ፣ ኋላ የሚከፍተው ሰው እንዳይሳሳት የገለበጠው ላይ ነጭ ክር ያስርበታል። ሌሎቹ ፕላስተር ይለጥፋሉ፤ ፕላስተር ሙቀት ሲያገኝ ይላቀቃል። ክር አይላቀቅም።

ክሩን እያየ ቆመ። እሷ መርፌዋን ሰካች፤ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ይዛ መስፋት ጀመረች። እሱ ግን አሁንም ማጠንጠኛውን ያያል።

ከዚያ ትዝ አለው።

የድሮው ዕቃ ድምፁን ሲከፍል ጡሩምባውን ከትልቁ ማጉያ ጋር ያጣላዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ለዚያ መድኃኒቱ የጡሩምባውን ሁለት ሽቦ መገልበጥ ነው፤ ያኔ ይታረቃሉ። እነዚያን ሳጥኖች የተከለ ሰሞን፣ አዲስ ሙሽራ ሳለ፣ ገልብጧቸዋል። ከጀርባ አይደለም፤ ከውስጥ፣ ጡሩምባው ሥር ነው የገለበጠው። ከዚያች ከብስኩት ቆርቆሮ በወሰዳት ክር አስሮባቸዋል። አሁን የድሮው ዕቃ ወጥቷል። ሽቦው ግን እንደተገለበጠ ነው። ያስታርቃቸው የነበረው አሁን ያጣላቸዋል፤ ድንበሩ ላይ ጉድጓድ አለ። የዳይሬክተሩ ዓይነት ወፍራም ድምፅ ከዚያ ጉድጓድ በታች ይመላለሳልና ትንሽ በርሜል በርሜል ከማለት ሌላ ምንም አይሆንም። ከድምፅዋ ወፍራሙ ሁሉ ተወስዶባት ትንፋሽና ምላስ ብቻ የቀረላት ሴት ግን ያላት ሁሉ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማሽኑ የበላው የቀረላትን ነው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ባይሆንስ? ክሩን በሌላ አዳራሽ ቢሆንስ ያሰረው? ዛሬ ተስፋ ሰጥቶ ነገ ቢቀማት በምን ዓይኑ ያያታል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር፤ «ማሽኑ ደህና ነው» ያለበት አፍ ነው የተሳሰረው። ቲቸር ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጋውኑን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቱን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ። የጥበቃው ሰው አዳራሹን ከፈተለት። ካቻቢቴውን አውጥቶ የቀኙን ሳጥን ብሎኖች ፈታ፤ ጡሩምባውን ወደ ውጭ ሳበው። ክሩ እዚያው አለ። ነጭነቱ ጠፍቶ አመድ መስሏል፤ አቧራ ለብሷል፤ ቋጠሮው ግን የሱ ነው፤ ድርብ ቋጠሮ። የግራውንም ከፈተ። እዚያም አለ።

መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሰው እንደሚያለቅስ አላለቀሰም፤ ደክሞት ቁጭ አለ እንጂ። ትናንት አርፌ ይህቺን አንዲት ሙከራ ባደርግ ኖሮ አለ፤ ሐሙስ ባደርጋት ኖሮ አለ። ባደርግ ኖሮ ማለት ምን ይሠራል። ተነስቶ ላፕቶፑን ከፈተ፤ የድንበሩን ድምፅ ለቀቀ። አለ የለም የማይባል፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የጡሩምባውን መገልበጫ ተጫነ። ድምፁ ተነሳ፤ አዳራሹን ሞላው፤ የጥበቃው ሰው ከበሩ ላይ ዘወር ብሎ እስኪያይ ድረስ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሥራው አልቆ ነበር። የፈጀው አንዲት ጣት ብቻ ነው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ቲቸር ትወጣለች፤ ድምፅዋ ይሰማል፤ «ዛሬ እግዜር ረዳት» ይባላል፤ የሚዛንም ስም በሚዛኑ ይቆማል። ይህን እያሰበ ሳለ ዳይሬክተሩ ገባ። ከኋላው አንዲት ሌላ አስተማሪ አለች፤ በእጇ የያዘችውን ወረቀት እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የቲቸርን ክፍል ወክላ ልትናገር ነው። ክፍሉም ለሷ ተሰጥቷል።

«ሰላም አደርክ» አለ ዳይሬክተሩ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?»

«ደህና አልነበረም» አለ ሚዛን። «ትናንት የጠየቅከኝን ተሳስቼ ነው የመለስኩልህ። ማሽኑ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ሽቦው ተገልብጧል፤ እኔው ነኝ የገለበጥኩት፤ ሳላየው ያለፍኩትም እኔው ነኝ።»

ዳይሬክተሩ የተከፈተውን ሳጥን አየ። «ትናንት እኮ በሙያህ ነው የጠየቅኩህ።»

«አዎ።»

«እኔ እሷን ላምን ነበር እኮ። ባለሙያው ባሏ ነው፤ ባሏ ካለማ ብዬ ነው የተውኩት።»

ወላጆች መግባት ጀምረዋል፤ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ፤ ወረቀት የያዘችውን አስተማሪ አየ።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ፤ ለሷ ንገራት» አለ። «ቃሌ ቃል ነው፤ ከተሰማች ክፍሉ የሷ ነው። አሰማኝ።»

ቲቸር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋለች። የመጣችው ጋውኑን ለማስረከብ ነው፤ ስብሰባውንም ለማየት ሳይሆን አይቀርም። ሚዛን ገመድ የሌለውን ማይክ ይዞ በወንበሮቹ መሃል ወደሷ ሄደ። አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ አለ።

«ማሽኑ ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

ቀና ብላ አየችው።

«እ?» አለች።

ሰምታዋለች፤ ከዓይኗ ያስታውቃል። ሚዛን ግራና ቀኝ አየ። ወላጆች ተቀምጠዋል።

«ማሽኑ ነበር አልኩሽ» አለ ትንሽ ከፍ አድርጎ።

«እ?»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ማሽኑ ነበር!» አለ፤ ሦስት ረድፍ ሙሉ ሰው ዞሮ አየው። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ሽቦውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። አንቺ አልነበርሽም።»

ያኔ እጇን ዘረጋች። ማይኩን ሰጣት። አብርታው ወደ አፏ አስጠጋችው፤ ወደ መድረኩ አልሄደችም፤ ከመቀመጫዋም አልተነሳችም። ያየችው እሱን ብቻ ነው።

«ዓመቱን ሙሉ አልሰማኸኝም» አለች። «እሺ፣ ጉሮሮዬ ነው አልኩ። ትናንት ግን የምለውን በሰው አፍ ሰምተሃል። ሰምተህ ነው ከኔ ይልቅ ማሽኑን ያመንከው።»

ከሁለቱም ሳጥኖች ወጣ። ሻካራ ነው፤ የተሸረፈ ነው፤ የድሮው ድምፅዋ አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ፊደል እንደ አሸዋ ቅንጣት ተለይቶ ይሰማል። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከመስኮት እስከ በር ደረሰ። ሚዛን ከልማድ ብዛት «እ?» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ሰምቷል። የሚደገምለት ነገር አልነበረም።

ከፊት ለፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ አባት፣ የማይክ ሙከራ መስሏቸው ነው፣ ዞር ብለው እጃቸውን አነሱ።

«ወደዚህ ጥርት ብሎ ይሰማል ቲቸር፤ ቀጥይ» አሉ።

አንዳንዱ ሳቀ። ቲቸርም ሳቅ ሳቅ አላት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «አመሰግናለሁ አባቴ» አለች በማይኩ። ከፌስታሉ ጋውኑን አውጥታ እዚያው ለበሰችው፤ ትናንት የሰፋችውን ቁልፍ ቆለፈች። ወደ መድረኩ ስትሄድ ወረቀት የያዘችው አስተማሪ መንገድ ለቀቀችላት። ዳይሬክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ስለ ክፍሏ ተናገረች፤ ማን በሒሳብ እንደበረታ፣ ማን እንደሚያረፍድ፣ ለማን ልጅ መነጽር እንደሚያስፈልግ። ወላጆች አንገታቸውን አስግገው ሳይሆን ወንበራቸው ላይ ተደላድለው አዳመጧት። ሚዛን ከመድረኩ ጎን ካቻቢቴውን ይዞ ቆሞ ነበር። የተከፈተውን ሳጥን ለመዝጋት እስክትጨርስ መጠበቅ ነበረበት። ወደሱ አልዞረችም።

ሲመለሱ አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋውኗን አላወለቀችም። የዛሬው መንገድ ባዶ ነው፤ ሹፌሩም ክላክስ አልነካም፤ ሹክ ብትል እንኳ ይሰማት ነበር። ሚዛን ጆሮውን ወደሷ ዘንበል አድርጎ አንዲት ቃል ጠበቀ። አፏን እንድትከፍት እየጠበቀ ሳለ መውረጃቸው ደረሰ።